ለጊታር አምፕ የፕሪአምፕ ቲዩብ መምረጥ፦ ከብራንዱ በፊት ሶኬቱ

ጎንደር ውስጥ ቲዩብ አምፕ (ድምፅን በመስታወት ቲዩብ የሚያጎላ ማጉያ) ያለው ሙዚቀኛ ጥቂት ነው። አምፑ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ እጅ የገባ፣ አለዚያም ከአዲስ አበባ ሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው። ድምፁ ሲደክም፣ ሲንጣጣ ወይም ሲያፏጭ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የማንን ብራንድ ላስመጣ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆዩት። ቀድሞ መመለስ ያለበት የሚቀየረው የፕሪአምፕ ቲዩብ (ከኃይል ቲዩቦቹ በፊት የጊታሩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ትንሹ ቲዩብ) የትኛው ሶኬት ላይ እንደተቀመጠና እዚያ ምን እንደሚሠራ ነው። ቁጥራቸው አንድ የሆነ የሁለት ፋብሪካ ቲዩቦች የድምፅ ልዩነት አላቸው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ሲቀየር ወይም ቲዩቡ ከሶኬት ሶኬት ሲዛወር የሚሰማው ልዩነት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

እኛ ጋ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። ፒያሳና አራዳ ያሉት ጠጋኞች ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ስፒከር ጥሩ አድርገው ይሠራሉ፤ የጊታር አምፕ ቲዩብ ግን መደርደሪያቸው ላይ አላየሁም። ቲዩብ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። የማይሆን ነገር ካስመጣችሁ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ አትቀይሩትም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ኪስ ላይ ከብዷል።

ችግሩ በእርግጥ የቲዩብ ነው?

«ቲዩቡ ሞቷል» ተብሎ የሚመጣ አምፕ ቲዩቡ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ለምርመራ መድቡ። በምርመራው ሁሉ ስፒከሩ ከአምፑ ጋር እንደተያያዘ ይቆይ፤ ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ሲበራ የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መጀመሪያ የጊታሩን ገመድ ከአምፑ ንቀሉ። ጩኸቱ ከቆመ ችግሩ ጊታሩ፣ ፔዳሉ ወይም ገመዱ ጋ ነው። ካልቆመ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉት። ዜሮ ላይ የሚጠፋ፣ ሲከፈት ደግሞ የሚመለስ ድምፅ የሚመጣው ከቮሊዩሙ በፊት ካለው ቲዩብ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሶኬት ነው። ዜሮ ላይም የማይጠፋ ከሆነ ከቮሊዩሙ ወዲህ ያሉትን፣ የፌዝ ኢንቨርተሩን (ድምፁን ለሁለት የሚከፍለውን ቲዩብ) እና ስፒከሩን የሚነዱትን የኃይል ቲዩቦች ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የእርሳስ ምርመራ ነው። አምፑ በርቶ፣ ቮሊዩሙ መካከል ላይ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ባለው እርሳስ እያንዳንዱን ቲዩብ በቀስታ መታ መታ አድርጉ። በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ያለው ጤነኛም ቢሆን ስፒከሩ ውስጥ ደብዘዝ ያለ «ጠብ ጠብ» ያሰማል፤ ይህ ያለ ነው። ከመታችሁት በኋላ እያቃጨለ የሚቆይ፣ ወይም ድምፁ ከፍ ሲል ራሱን በራሱ እያስጮኸ ወደ ፉጨት የሚሄድ ከሆነ ግን ማይክሮፎኒክ ሆኗል፤ ውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ላልተው ንዝረትን ወደ ድምፅ እየለወጡ ነው። አምፑን በባጃጅ ጭኖ ኮብልስቶን ላይ ከሠርግ ሠርግ የሚያዞር ሰው ይህን ችግር ቶሎ ያገኘዋል።

ስትነኩት የሚንጣጣና የሚቆራረጥ ከሆነ ጉዳዩ ሁለት መልክ አለው፤ ወይ ቲዩቡ ውስጥ የላላ ነገር አለ፣ ወይ ሶኬቱ ቆሽሿል። አምፑን አጥፉ፣ ከመብራት ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ። ቲዩቡ የብረት መከለያ ካለው መከለያውን ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ትንሽ አዙሩትና አውጡት። ቲዩቡን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በጣም ጥቂት እየወዘወዛችሁ ሳቡ። ሲመለስ ዘጠኙ እግሮች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሶኬቱ ላይ ካለው ክፍተት ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አይገፋም። ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅሎ መመለስ ብቻውን እግሮቹ ላይ የተጋገረውን ይፍቃል። ከበጋው አቧራና ከክረምቱ እርጥበት በኋላ ብዙ «የሞተ» ቲዩብ በዚህ ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ። የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ካላችሁ እግሮቹ ላይ ትንሽ ረጭታችሁ አስገቡ፤ ሶኬቱን በስፕሬይ አታጥለቅልቁት።

ቲዩቡ እጃችሁ ላይ እያለ አናቱን በብርሃን ተመልከቱት። ከመስታወቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብርማ ሽፋን አለ። ፋብሪካው ውስጥ ጌተር የሚባለው ብረት ተንኖ የለጠፈው ነው፤ ሥራውም ውስጥ የሚቀረውን ጋዝ እየመጠጠ ባዶነቱን መጠበቅ ነው። ይህ ሽፋን ዳር ዳሩ ቡናማ ወይም ሳሳ ያለ ቢሆን ችግር የለውም። ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ግን አየር ገብቷል፤ ያን ቲዩብ መሞከርም አያስፈልግም።

ሲበራ ከውስጡ ብርቱካናማ ፍም መታየት አለበት። ፍም የሌለው ወይ ውስጡ የሚግለው ክር (ፊላመንቱ) ተበጥሷል ወይ ሶኬቱ አያገናኝም። አንዳንድ ቲዩብ ገና ሲበራ ለአፍታ ነጭ ብልጭታ አሳይቶ ይረጋጋል፤ ያ የአሠራሩ ጠባይ ነውና አትደንግጡ።

መብራቱንም ሳትለኩ አትፍረዱ። ክሩ የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው፤ የሚያገኘውም ከአምፑ ትራንስፎርመር ነው። ግድግዳው ላይ ያለው 220 ወደ 190 ሲወርድ ክሩ የሚደርሰው 5.4 ገደማ ይሆናል፤ የከፍተኛው ቮልት መስመርም አብሮ ይወርዳል። ያኔ ድምፁ ይላላል፣ ጉልበት ያጣል። ማታ መዝናኛ ቤት ውስጥ የሚደክም አምፕ ጠዋት ቤት ውስጥ ደህና ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ስታብላይዘር እንጂ ቲዩብ አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት አምፕ ካላችሁ ደግሞ ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር አቅሙ ሰፊ ይሁን፤ 40 ዋት የሚባል አምፕ ከግድግዳ የሚስበው ከ100 ዋት በላይ ነው። ለ60 ኸርዝ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ ስለሚሞቅ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፕሪአምፕ ቲዩብ ለመቀየር የአምፑን ሻሲ (ሰርኪቱን የያዘውን የብረት ሳጥን) መክፈት አያስፈልግም፤ እንደ ኃይል ቲዩብ ባያስ (የቲዩቡን የሥራ ከረንት) ማስተካከልም አያስፈልግም፤ ነቅሎ መትከል ነው። ሻሲው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከመብራት ከተነቀሉም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ያን ለባለሙያ ተዉት።

ቁጥሮቹ፦ ትልቁ ምርጫ ያለው እዚህ ነው

በአብዛኛው ጊታር አምፕ ውስጥ የምታገኙት 12ኤኤክስ7 ነው። አርሲኤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ነው። አውሮፓ ውስጥ ኢሲሲ83 ይባላል። 7025 የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ሁሙ (ከመብራቱ የሚመጣው እምምታ) ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተሠራው የዚሁ ዓይነት ነው። አንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ትራዮድ (ራሱን የቻለ ማጉያ ክፍል) ስላለ አንዱ ቲዩብ ሁለት ጊዜ ማጉላት ይችላል።

ምንም ሽቦ ሳይነካ በዚህ ቲዩብ ቦታ የሚገቡ አራት ዘመዶች አሉት፤ የእግሮቹም የክሩም አቀማመጥ አንድ ነው። የማጉላት መጠናቸውን ስናስተያይ 12ኤኤክስ7 100፣ 5751 70፣ 12ኤቲ7 60፣ 12ኤዋይ7 44፣ 12ኤዩ7 ከ17 እስከ 20 ነው። ይህ የወረቀት ቁጥር ነው። ፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ከረንቱን የሚቀበለው ብረት) ላይ 100 ሺህ ኦም ሬዚስተር ባለበት በተለመደው የአምፕ ሰርኪት በተግባር የሚገኘው ለ12ኤኤክስ7 60 እጥፍ ገደማ፣ ለ5751 45፣ ለ12ኤዋይ7 35፣ ለ12ኤዩ7 16 ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ቁጥር እዘረዝራለሁ? አምፑ «ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቮሊዩሙ ሁለት ላይ ሲደርስ ዲስቶርሽን ይገባል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ብራንድ በመቀየር መፍትሔ ይፈልጋል። ብራንድ ይህን አይፈታም። የመጀመሪያው ሶኬት ላይ 5751 ማስገባት ግን ይፈታዋል፤ ቮሊዩሙ ላይ ሰፊ መጠቀሚያ ቦታ ይሰጣችኋል፣ የድምፁ ወዝም አይጠፋም። ከአራቱ ዘመዶች እኔ ያለ ስጋት የምመክረው ይህን ነው። 12ኤዋይ7 ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ፌንደር በ1950ዎቹ በሠራቸው የትዊድ አምፖች የመጀመሪያ ሶኬት ላይ ያደረገው እርሱን ስለሆነ ለጊታር እንግዳ አይደለም። ድምፁ ክፍትና ለስላሳ ነው።

12ኤቲ7ን ለመጀመሪያው ሶኬት አልመርጠውም። ብዙ ከረንት እንዲያሳልፍ የተሠራ ስለሆነ ለ12ኤኤክስ7 በተቀመሩት ሬዚስተሮች ላይ ሲቀመጥ ለጆሮዬ ደረቅ ይሆንብኛል። የራሱ ቦታ አለው፤ እመለስበታለሁ። 12ኤዩ7 ደግሞ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) ወደ ሩብ ገደማ ስለሚቆርጠው ለመጀመሪያው ሶኬት ከመጠን በላይ ነው።

እያንዳንዱ ሶኬት ምን ይፈልጋል?

የመጀመሪያው ሶኬት፣ ቪ1፣ ለጊታሩ መግቢያ ቅርብ የሆነው ነው። ከጀርባ ስታዩት ፌንደሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ቀኝ ዳር ይገኛል። እዚህ የሚፈጠር ማንኛውም ሽሽታ ወይም ማቃጨል በኋላ ያሉት ሁሉ ያጎሉታል፤ ስለዚህ ካላችሁ ቲዩብ ሁሉ ጸጥ ያለውንና ማይክሮፎኒክ ያልሆነውን እዚህ አስቀምጡ። ገንዘብ የምታወጡበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ነገር ግን ሁለት ቻናል ያላቸውን አሮጌ ዓይነት ፌንደሮች ልብ በሉ፤ ትዊን ሪቨርብ ላይ ቪ1 የኖርማሉ ቻናል ነው፣ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ያለው ቻናል የሚጀምረው ከቪ2 ነው። ሁልጊዜ ሪቨርቡ ያለበት ቻናል ላይ የሚጫወት ሰው ቪ1ን ቢቀይር ምንም ለውጥ አይሰማም። ኖርማሉን የማትጠቀሙበት ከሆነ ከቪ1 ላይ ያለውን ነቅላችሁ በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ አምፑ ያለ እርሱ ይሠራል።

ሁለተኛው ሶኬት ጌይን የሚጨምር፣ ቶኑን የሚያንቀሳቅስ ነው። ጌይን ሦስት ወይም አራት ደረጃ በሚደራረብባቸው አምፖች የዲስቶርሽኑ መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። ከማርሻል ጄሲኤም800 2203 ዓይነት አምፖች ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ የቪ2 ግማሹ ካቶድ ፎሎወር ነው፤ ድምፁን ሳያጎላ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያሳልፋል፤ ካቶዱ (ክሩ የሚያሞቀው ብረት) ከ150 ቮልት በላይ ላይ ይቀመጣል። በክሩና በካቶዱ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 180 ቮልት ገደማ ስለሆነ እዚያ ያለው ቲዩብ ጫፍ ላይ ነው የሚኖረው። ዛሬ ከሚሠሩት መካከል ይህን የማይችሉ አሉ፤ ስትገዙ ሻጩን «ለካቶድ ፎሎወር ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሪቨርብ መንጃ ሶኬት የ12ኤቲ7 ቤት ነው። የሪቨርቡን ስፕሪንግ ለማንቀጥቀጥ ከረንት ያስፈልጋል፤ 12ኤኤክስ7 ያን ያህል አያወጣም። «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» ብሎ 12ኤኤክስ7 እዚያ የሚያስገባ ሰው ሪቨርቡ ተዳክሞ ያገኘዋል። ሪቨርቡ ከመጠን በላይ ጎርፍ ሆኖባችሁ ከሆነ ግን 12ኤዩ7 እዚያ ቦታ ላይ ጥሩ ልጓም ነው።

የፌዝ ኢንቨርተሩ ከኃይል ቲዩቦቹ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ነው። ድምፁን ለሁለት ከፍሎ ለኃይል ቲዩቦቹ ያቀብላል። ሻጮች እዚህ «ሁለት ወገኑ የተመጣጠነ» የሚል ቲዩብ በተጨማሪ ዋጋ ያቀርባሉ። አልከፍልበትም። የፌንደርና የማርሻል ሰርኪት አንዱን ወገን በ82 ሺህ፣ ሌላውን በ100 ሺህ ኦም እያደረገ ልዩነቱን ራሱ ያካክሳል። ከቪ1 ያወረዳችሁት፣ ትንሽ የሚያቃጭል ግን የሚሠራ ቲዩብ እዚህ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ከእርሱ በኋላ ብዙ ማጉላት ስለሌለ ጉድለቱ አይሰማም። ለትሬሞሎ (ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያንቀጠቅጠው) ሶኬትም እንዲሁ፤ የሚሠራ 12ኤኤክስ7 ከሆነ ይበቃል።

ብራንዶቹ

እዚህ ጋ ብዙ ገንዘብ የሚያድን አንድ እውነት አለ። ዛሬ ጊታር ተጫዋች የሚገዛው የፕሪአምፕ ቲዩብ በአብዛኛው የሚወጣው ከሦስት አገር ነው፦ ከስሎቫኪያ፣ ከሩሲያና ከቻይና። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ፣ ሶቭቴክ፣ ታንግ ሶል፣ ሙላርድና ጎልድ ላየን የሚባሉት ስሞች ሁሉ የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ የኒው ሴንሰር ናቸው፤ ቲዩቦቹም የሚሠሩት ሳራቶቭ በሚገኘው አንድ ፋብሪካ ነው። ሙላርድ ድሮ የእንግሊዝ፣ ታንግ ሶል የአሜሪካ ኩባንያ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ የወረሱት ስሙን ነው። የውስጥ አሠራራቸው ስለሚለያይ ድምፃቸው አንድ አይደለም፤ ነገር ግን «ሙላርድ ነው» ተብሎ የሚጠየቀው ዋጋ የድሮውን ስም አብሮ ሊያስከፍላችሁ አይገባም። ፌንደርና ሜሳ ቡጊ በስማቸው የሚሸጡትም ከእነዚሁ ፋብሪካዎች ተገዝቶ ተፈትሾ ስም የታተመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ወደ ውጭ የሚላኩ ዕቃዎችን ስታግድ የዓለም ገበያ በአንድ ጊዜ የደነገጠውና ዋጋው የዘለለው ይህን ያህል ስም ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ ነው።

የስሎቫኪያው ጄጄ ኢሲሲ83ኤስ ፕሌቱ አጭር ነው፤ አጭር ፕሌት ደግሞ ንዝረት ይችላል። ድምፁ ወፈር ያለ፣ ከፍተኛውን ጫፍ ለስለስ የሚያደርግ ነው። አምፑና ስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ለሆነ፣ በየቦታው ለሚጫን ኮምቦ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ በተለይ አምፑ በተፈጥሮው ጆሮ የሚወጋ ከሆነ። አምፓችሁ ራሱ ደብዛዛ ከሆነ ግን ይበልጥ ያጨልመዋል፤ ያኔ ሌላ ፈልጉ።

ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ 12ኤኤክስ7 መካከል ላይ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ወደ የትም የማያደላ። አምፑ ምን እንደሚፈልግ ገና ካላወቃችሁ ይህን ያዙ። ታንግ ሶል ብሩህ ነው፤ ጌይኑም ከፍ ያለ ስለሚመስል ለደበዘዘ አምፕ ሕይወት ይሰጠዋል፤ ብሩህ ለሆነ አምፕ ግን አይመከርም። ሶቭቴክ ደብሊውኤ ዝቅ ያለ ጌይን ያለው፣ ጠንካራ፣ ዋጋውም የማይከብድ ነው፤ ለፌዝ ኢንቨርተርና ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። የሶቭቴክ ኤልፒኤስ ፕሌቱ ረጅም ነው፤ ድምፁ ሰፊ ቢሆንም ረጅም ፕሌት ኮምቦ ውስጥ ቪ1 ላይ ሲሆን ለማቃጨል ቅርብ ስለሆነ እርሱንም ለፌዝ ኢንቨርተሩ አድርጉት። የዛሬው ሙላርድ 12ኤኤክስ7ም ረጅም ፕሌት ነው፤ ከስፒከሩ በተለየ ሄድ ላይ ድምፁን እወድለታለሁ።

ከቻይና የሚመጡት ሹጓንግና ፕስቫን ብሩህና ጌይናቸው ከፍ ያለ ነው። ሮክ ለሚጫወት ሰው ይስማማሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መለያየታቸው ስለሚበዛ ግን የተፈተሸ ካልሆነ በርቀት አልገዛም።

የድሮዎቹስ? አርሲኤ፣ ጂኢ፣ ሲልቫኒያ፣ ብላክበርን የተሠራው ሙላርድ፣ ከሥሩ መስታወቱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለበት ቴሌፉንከን፤ እነዚህ ጥራታቸው የተመሰከረ ነው። ሆኖም ዋጋቸው ከዛሬዎቹ ብዙ እጥፍ ነው፣ የውሸቱም ብዛት ያስፈራል፤ መስታወት ላይ ያለ ጽሑፍ በጣት የሚፋቅ፣ እንደገናም የሚታተም ነገር ነው። ከጎንደር ሆኖ በፎቶ አይቶ መግዛትን አልመክርም። የሚያውቅ ሰው በቴስተር ለክቶ ቢሰጣችሁ ግን ተቀበሉ።

መልኩ አንድ፣ ነገሩ ሌላ

አሮጌ ራዲዮ፣ ቴፕ ወይም የአዳራሽ ማጉያ የሚፈታ ሰው ጋ ዘጠኝ እግር ያለው ትንሽ ቲዩብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ኢሲሲ83 ወይም 12ኤኤክስ7 የሚል ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። የሩሲያው 6ኤን2ፒ ግን ወጥመድ ነው፤ ማጉላቱ ከ12ኤኤክስ7 ጋር ሊቀራረብ ምንም አልቀረውም፣ መልኩም ያው ነው፤ የክሩ አገናኝ ግን የተለየ ስለሆነ ጊታር አምፑ ላይ ሲሰካ አይሞቅም። በራዲዮ ውስጥ የተለመደው ኢሲሲ85ም፣ ኢሲሲ88ም እንዲሁ። ኢኤል84 ደግሞ እግሩ ዘጠኝ ቢሆንም የኃይል ቲዩብ ነው፤ ረዘም ይላል። ቮክስ ኤሲ15 እና ፌንደር ብሉስ ጁኒየር ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነቅላችሁ አታቀላቅሉ። አንድ ንቀሉ፣ አንድ ትከሉ።

ማሲንቆና ክራር ለሚያገናኝ

በከተማችን ጊታር አምፕ የጊታር ብቻ አይደለም። ማሲንቆው ቆዳ ላይ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ መቀበያ) ለጥፎ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ክራር ይዞ በጊታር አምፕ የሚጫወት አለ፤ ስለ እርሱ የሚጽፍ ስለሌለ ትንሽ ልቆይበት። ፒዬዞ ከጊታር ፒክአፕ የተለየ ነው፤ ጫፉ ሹል ነው፣ የደጋኑ ፍትጊያም አብሮ ይገባል። የማሲንቆው ሳጥንና ቆዳ ደግሞ ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል። ቪ1 ላይ 12ኤኤክስ7 ሲሆን አዝማሪው ገና ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ፉጨት ይጀምራል፤ እርሱም ቲዩቡ የተበላሸ ይመስለዋል። ማሲንቆውን ከስፒከሩ ዘወር ስታደርጉት ፉጨቱ ከቀነሰ ቲዩቡ ጤነኛ ነው፣ የበዛው ጌይኑ ነው።

እዚህ ላይ 5751፣ ከዚያም አልፎ 12ኤዋይ7 ቪ1 ላይ ማስገባት በጣም ይረዳል። ትዝታ ሲጫወት ረጅሙ ኖታ ሳይሰነጠቅ ይቆማል፤ ደጋኑ አቅጣጫ ሲለውጥ የሚሰማው ፍትጊያ ወደ ኋላ ይላል። ለክራር ምርጫዬ 5751 ነው፤ 12ኤዋይ7 የክሩን ነጠቃ ትንሽ ያደነዝዘዋል። አንዱ አምፕ ለጊታርም ለማሲንቆም የሚውል ከሆነ 12ኤኤክስ7ቱን ኪስ ውስጥ ይዞ መቀያየር የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ቀዝቅዞ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ምን ይመጣ?

ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ፣ ብሉስ ጁኒየር እና ቮክስ ኤሲ15 ዛሬ በሚሠሩበት መልክ ሦስት ሦስት 12ኤኤክስ7 አላቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ የፕሪአምፕ ቲዩብ ከኃይል ቲዩብ ይልቅ ብዙ ዕድሜ አለው። ሁለት ብቻ ይምጣ፦ አንድ ለቪ1 የታሰበ ጥሩ አጭር ፕሌት፣ አንድ 5751። የወረደው አሮጌ ቪ1 ከሠራ ወደ ፌዝ ኢንቨርተሩ ይሂድ፤ ከዚያ የወጣው መጠባበቂያ ይሆናል። ለማርሻል ዲኤስኤል40 አራት ኢሲሲ83 አሉ፤ ጌይኑ ብዙ ስለሆነ ቪ1 ላይ የሚቀመጠው «ለዝቅተኛ ሽሽታና ለማይክሮፎኒክ የተፈተሸ» መሆኑን አስረግጡ፤ ለዚህ ፍተሻ የሚጨመረው ዋጋ ተገቢ ነው። ለትዊን ሪቨርብ ዓይነት ደግሞ ከ12ኤኤክስ7 ጋር አንድ 12ኤቲ7 ይጨመር።

ለሚያመጣው ሰው መልእክት ስትልኩ «የአምፕ ቲዩብ» ብላችሁ አትተዉት። ቁጥሩን፣ ብራንዱን፣ ለየትኛው ሶኬት እንደሆነና «የተፈተሸ» የሚለውን ጻፉ፤ አሁን ያለውን ቲዩብ ጽሑፍም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። እያንዳንዱ በካርቶኑ እንዳለ፣ በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። ጥር ሠርግ የሚበዛበት፣ ጥምቀትም ከተማውን በእንግዳ የሚሞላበት ስለሆነ ትእዛዙ ከኅዳር በፊት ቢሄድ ይሻላል። ዕቃው እንደደረሰ ያመጣው እንግዳ ገና አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይመለስ እያንዳንዱን ቪ1 ላይ እየሰካችሁ በእርሳሱ ሞክሩት። ጉድለት ከተገኘ ይዞት የሚመለስ ሰው አለ፤ ጤነኛው ካርቶኑ ላይ የተገባበት ቀንና ሶኬቱ ይጻፍበት።